የወይብላ ችንካሮች

በትንበያ ማዕከሉ ስድስተኛ ፎቅ አዳራሽ ውስጥ የሚቀጥለው ዓመት ክረምት ዘወትር ጠዋት ይዘንብ ነበር። ዘቢደር ጫማዋን አውልቃ በብርሃን ከተሠሩት ተራሮች መካከል ትገባና ጎርፉ በየትኛው ማሳ እንደሚወርድ፣ ምን ያህል አፈር ይዞ እንደሚሄድ ታያለች። ይህን የብርሃን አገር «የአፈር መንታ» ይሉታል፤ የአገሩን ተዳፋት ሁሉ በስሌት አባዝቶ የያዘ ቅጂ ነው። መንታው አንድን ማሳ «አለቀለት» ካለ፣ ባለማሳዎቹ ሐይቁ ላይ በተሠራው ተንሳፋፊ ሰፈር ቤት ይሰጣቸዋል። «ደህና ነው» ካለ ባሉበት ይቆያሉ።

ያን ሳምንት ግን ግድቡ በደለል ታንቆ ተርባይኖቹ ቆሙ። ያ ሁሉ ደለል የአንድ ቦታ አፈር መሆን አለበት። መንታው ግን ከየትም አልሄደም ይላል።

«ከሰማይ ወርዶ ይሆናላ» አለ ባልደረባዋ ምንይችል።

«ቀልድ አንተ። ከግድቡ በላይ ያለው ወይብላ ብቻ ነው።»

«ወይብላማ ምስጉኑ ተፋሰስ ነው! መንታውን ያስተማርሽው በወይብላ አይደል እንዴ?»

አዎ፣ በወይብላ ነበር። እርከን በተሠራባቸው የወይብላ ማሳዎች ላይ ንቁ ችንካሮች ተተክለዋል፤ ክንድ የሚያህሉ ዘንጎች ናቸው። አንገታቸው ላይ ያለው ቀይ መስመር ከመሬት በላይ ከወጣ ያን ያህል አፈር ተወስዷል ማለት ነው፤ ዝናብ ባባራ ቁጥር ልኬታቸውን ይልካሉ። የወይብላዎቹ ለዓመታት «ለውጥ የለም» ብቻ ነበር የላኩት። ዘቢደርም እርከን አፈሩን ይይዛል ብላ ይህንኑ የመላው አገር ስሌት መሠረት አደረገችው።

አብራሪ የሌላት የማዕከሉ በራሪ ወይብላ ስታወርዳት ሰማዩ ጠቁሯል። ማሳው ላይ አንድም ችንካር የለም። የችንካሮቹ ጠባቂ አያ ሰጥአርጌ ቤት ስትገባ ሁሉም ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል፤ ዝገት እንዳይነካቸው ዘይት ተቀብተዋል።

«እነዚህ እዚህ ምን ይሠራሉ?»

«ምን ይሠራሉ ትላለች እንዴ! ዳመናው አይታይሽም? ጎርፍ ቢወስደውስ? የመንግሥት ንብረት ነው፣ ልጄ።»

«በየዝናቡ ነው የምትነቅሉት?»

«ታዲያስ! ሲያባራ ደግሞ ቀዩ መስመር ድረስ መልሰን እንተክላለን፣ እንዳሳያችሁን። አንድ እንኳ አልጠፋብንም።» አያ ሰጥአርጌ ምስጋና ጠበቁ።

ዘቢደር የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠች። «አፈሩ ሲሄድ አያዩም ነበር?»

«እንዴት አላይም! ማረሻው ድንጋይ መምታት ከጀመረ ቆየ እኮ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

ሽማግሌው ግራ ገባቸው። «እናንተ ናችሁ ደህና ነው ያላችሁት። የተማሩ ሰዎች ናቸው፣ ለእኛ ያልታየን ታይቷቸው ነው ብለን ተቀመጥን። የሐይቁንም ቤት ሳንጠይቅ ለጎረቤት ቀበሌ ተውን። እነሱ ይብስባቸዋል ሲባል ጊዜ አሳዘኑን።»

እነሱ መንታውን አምነው ዓይናቸውን ካዱ፤ እሷ ችንካሩን አምና እግሯን አሳረፈች። አንዱ ሌላው ያያል ሲል፣ ያየ ጠፋ።

በእጅ መስታወቷ ምንይችልን ጠራችው። «ሐይቁ ላይ ስንት ቤት ቀርቷል?»

«ምንም። ሰፈሩ ሞልቷል። ምነው?»

«የወይብላን ልኬት አውጣና ስሌቱን ድገመው። የመላ አገሩን።»

ስሌቱን ሊያስኬድ ሄደ። ቆይቶ ሲመለስ ድምፁ ተለውጧል። «ዘቢደር፣ አዳራሹ ሁሉ ድንጋይ ሆነ።»

«ድገመው።»

«ደግሜዋለሁ።»

ማዕከሉ ያለ ልኬት አያምናትም፤ አንድ እውነተኛ ልኬት ካገኘች ምናልባት ሌላ ሰፈር ይሠራ ይሆናል፣ ምናልባት ለወይብላ ሰዎችም ይደርስ ይሆናል። ችንካሮቹን ታቅፋ ወጣችና ቀዩ መስመር ድረስ ተከለቻቸው።

«ኧረ በሕግ አምላክ! ይወስዳቸዋል!» አሉ አያ ሰጥአርጌ።

«ይውሰዳቸው።»

ዝናቡ ወረደ። ቀዩ መስመር በመጀመሪያ ጣት፣ ቀጥሎ ስንዝር ከመሬት በላይ ወጣ። እርከኑ ሆዱን ነፋ፣ ተናደ። ችንካሮቹ አንድ በአንድ እየወደቁ ከቡናማው ውሃ ጋር ቁልቁል ሄዱ። አያ ሰጥአርጌ ነጠላቸውን ጥለው ተከተሏቸው።

«አያ! ይተዉት! ይመለሱ!»

አልሰሟትም። በእግራቸው ሥር የሚሄደውን የአባታቸውን ማሳ ሳያዩ፣ ዘንጎቹን ተከትለው በጭቃው ተንከባለሉ። ዘቢደርም እንዳይሰምጡባት ተከተለቻቸው፤ አፈሩን የተከተለ ማንም አልነበረም።

ሲያባራ ማሳው ነጭ አለት ሆኖ ነበር። አያ ሰጥአርጌ እስከ አንገታቸው በጭቃ ተለውሰው አንዲት ችንካር ይዘው መጡ።

«አንዷን አተረፍኳት!»

አለቱ ላይ ሊተክሏት ሞከሩ፤ አልገባ አለች። ወዲህ ወዲያ ፈልገው ከአንድ ድንጋይ ሥር የተጠራቀመ እፍኝ አፈር አገኙ። አስተካክለው፣ ዳር ዳሩን በእጃቸው ጠቅጥቀው፣ ቀዩ መስመር ድረስ ተከሏት።

የዘቢደር የእጅ መስታወት በራ። ወይብላ ልኬቷን ልካለች፤ ለውጥ የለም።