በቡርኩት ሆድ ውስጥ የሞተው መሐንዲስ

ዋና መሐንዲሱ ሮዲዮን ቱማኖቭ ሞቶ የተገኘው ራሱ ባሠራው ሮኬት ሆድ ውስጥ ነው። ሮኬቱ «ቡርኩት» ይባላል፤ በካዛኮች ቋንቋ ንስር ማለት ነው። ሰው ጭኖ ወደ ጨረቃ ሊበር ተዘጋጅቶ፣ ነፋስ በሚጋልብበት ሜዳ መካከል ባለው አዳራሽ ቆሞ የመንግሥት ኮሚሽኑን ምርመራ ይጠብቅ ነበር።

መርማሪ ራይሃን ሳርሴኖቫ ከአውራጃው ከተማ ስትደርስ አስከሬኑ ከነዳጅ ጋኑ ወጥቶ ወለሉ ላይ ተጋድሟል። ሐኪሙ «ልቡ ነው» ብሏል። ቁስል የለም፣ ደም የለም። ራይሃን ተንበርክካ የሟቹን ጣቶች አየች። ጥፍሮቹ ሥር ያልደረቀ ስቱኮ ተሰግስጓል።

«ዋና መሐንዲስ ግድግዳ ይለስናል እንዴ?» አለች።



መጀመሪያ ምክትሉን ዙባሬቭን ጠራችው። ላቡ በአንገቱ ይወርዳል።

«እሱ ሲሞት ወንበሩ የማን ነው?»

«የኔ። ግን ጓድ መርማሪ፣ ወንበሩን የተወልኝ ከነእሾሁ ነው! ደግሞ ጠዋቱን ሙሉ የኮሚሽኑን ሰብሳቢ ይዤ ስዞር ነበር። ሰብሳቢውን ጄኔራል ይጠይቁ።»

ጄኔራሉን ጠየቀች፤ እውነት ነበር።

ቀጥላ የጋዝ ክፍሉን ኃላፊ ታይሲያን አስገባች። ሴትዮዋ ሳትቀመጥ ጀመረች።

«ደስ ብሎኛል! ጻፊው፣ ደስ ብሎኛል! ባሌ ካለፈው ሮኬት ጋር ነው የነደደው። ብየዳው መሰንጠቁን ይሄ ሰውዬ እያወቀ ደብቆ!»

«ገደልሽው?»

«እኔ ብገድለው አደባባይ ላይ ነበር የምገድለው።»

«ጋኑ ውስጥ ምን ነበር?»

«ናይትሮጅን። እርጥበት እንዳያገኘው እንሞላዋለን። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፤ አንዴ ሁለቴ ከሳብሽው ወደቅሽ ማለት ነው። ሰው ከመግባቱ በፊት በማራገቢያ እናስወጣዋለን። ከዚያ በሩ ላይ ነጭ ጨርቅ ይሰቀላል፤ ግቡ ማለት ነው።»

«ዛሬ ወጥቷል?»

«ያ ማራገቢያ ሲነሣ ሙታን ይቀሰቅሳል። የሰማ ካለ ጠይቂ።»

ራይሃን አዳራሹን ዞራ ጠየቀች። ማራገቢያውን የሰማ አንድም ሰው አልነበረም። ነጩ ጨርቅ ግን ተሰቅሏል።

አስከሬኑን ያገኘው የብየዳ መርማሪው ዬፊም ሎክቴቭ ነው። አንድ ልጁ ከታይሲያ ባል ጋር ተቃጥሏል። እሱ ግን በቀብሩ ዕለት ቱማኖቭን አቅፎ ስሞታል። ከዚያ ወዲህ ሠራተኛው «ቅዱሱ ዬፊም» ይለዋል።

«እንዴት አገኙት፣ ጓድ ሎክቴቭ?»

«ፈልጌው መጣሁ። በበሩ ባይ ወድቋል። እንዳለሁ ዘልዬ ገባሁና ጎትቼ አወጣሁት።»

«ያለ ጭምብል?»

«ሰው እየሞተ ጭምብል ፍለጋ ይኬዳል?»

ራይሃን ፊቱን አየችው። ከጉንጩ እስከ አገጩ ቀጭን ቀይ መስመር ዞሮታል።

ከምሳ በኋላ ጄኔራሉን ጨምሮ ሁሉንም ከሮኬቱ ሥር ሰበሰበቻቸው፤ ሠራተኛው ከኋላ ቆመ።

«ቱማኖቭ ስቱኮ ይዞ ብቻውን የገባው ስንጥቅ ሊደፍን ነው» አለች። «ኮሚሽኑ ሳያይበት። ስንጥቅ አለ ብሎ በጆሮው የነገረው ማን ነው? ታይሲያ ብትነግረው አያምናትም። ዙባሬቭ ከጄኔራሉ ጋር ነበር። ብየዳ ላይ ቃሉ የሚታመነው አንድ ሰው ነው።»

ዓይኖች ሁሉ ወደ ሎክቴቭ ዞሩ።

«ማራገቢያው አልተነሣም፤ ስለዚህ ጋኑ በጋዝ እንደተሞላ ነው። ያለ ጭምብል የገባ እዚያው ይቀራል። እርስዎ ግን ገብተው ወጡ። የጭምብሉ ላስቲክ ምልክት እስካሁን ጉንጭዎ ላይ አለ። ጭምብል ማድረግ ነውር አይደለም፤ ታዲያ ለምን ዋሹኝ? ጋዙ እንዳለ ማወቅዎ እንዳይነቃብዎ። ጨርቁን የሰቀሉት እርስዎ ነዎት። ሬሳውንም ያወጡት ሐኪሙ ‹ልብ ነው› እንዲል ነው።»

ዙባሬቭ «ቅዱሱ ዬፊም?» አለ።

ሎክቴቭ ፈገግ አለ።

«ስንጥቅ የለም። ብየዳው ላይ በከሰል መስመር አሰመርኩና ተሰነጠቀ ብዬ ነገርኩት። ‹ለኮሚሽኑ ላሳውቅ?› አልኩት። አዎ ቢለኝ ኖሮ አሁን ሻይ እየጠጣ ነበር። ‹አፍህን ያዝ፣ እኔ እደፍነዋለሁ› አለኝ። ልጄን የጨረሰውም እንዲሁ ብሎ ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ስስመውም አልረሳሁም።»

ታይሲያ ሰዎቹን ገፍትራ ፊቱ ቆመች። ሁሉም ታቅፈዋለች ብሎ ነበር።

«ሬሳው ምን ያደርግልኛል?» ብላ ጮኸች። «እኔ የፈለግሁት ፍርድ ቤት ቆሞ የባሌን ስም፣ የልጅህን ስም እንዲጠራ ነበር! አንተ አፉን ዘጋህለት!»

ሎክቴቭ ሊመልስላት ሲል ጄኔራሉ ቀደመው።

«እዚህ የተባለው እዚህ ይቅር። ጓድ ቱማኖቭ በሥራው ላይ እንዳለ ልቡ ቆመ። ከዛሬ ጀምሮ ሮኬቱ በስሙ ይጠራል።»

የሎክቴቭ ፊት አመድ መሰለ።

«በስሙ? አይሆንም! እኔ ነኝ የገደልኩት! ለምን እንደገደልኩት ጻፉ! ጻፉ እንጂ!»

ሁለት ወታደሮች በብብቱ ይዘው ጎተቱት። ራይሃን ወደ ጄኔራሉ አንድ እርምጃ ሄደች፤ እሱ ግን አላያትም። ለሟቹ ክብር ባርኔጣ እንዲወልቅ አዘዘ።

ሁሉም አወለቀ። ታይሲያ ብቻ ሻሿን አጥብቃ አሰረች።