የፒንቦሉ ማንኳኪያ

ጋሽ ሊፍት የሞቱት በገዛ ቤታቸው፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ሦስት ሰው ቤት ውስጥ እያለ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ሊፍት ውስጥ የተቀረቀረ ሰው ሲያወጡ የኖሩ ሰው ጡረታ ወጥተው ዕቃ ቤት ውስጥ ተዘግቶባቸው ሞቱ ሲባል፣ የሰማ ጎረቤት ሁሉ «አይ የሰው ነገር!» እያለ ከንፈሩን መጠጠ።

መርማሪዋ ከንፈር መምጠጥ አይሆንላትም። ባልደረቦቿ በሌለችበት «መርፌ» ይሏታል። ቀጭን ስለሆነች ነው ይላሉ፤ ውሸታቸውን ነው፣ ስለምትወጋ ነው።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ስትደርስ ሬሳው በሩን ተጠግቶ በጎኑ ተኝቶ ነበር። እጁ አጠገብ የእንጨት መዶሻ ወድቋል። በሩ ላይ፣ የተንበረከከ ሰው እጅ በሚደርስበት ቁመት፣ አዳዲስ ስርጉድ ምልክቶች አሉ። ከሬሳው ጀርባ አንድ አሮጌ ፒንቦል መስታወቱ ወልቆ፣ የመጫወቻ ሰሌዳው እንደ መኪና ኮፈን ወደ ላይ ተነስቶ ቆሟል። ፒንቦል ድሮ በየመዝናኛ ቤቱ የነበረ ማሽን ነው፤ የብረት ኳስ ሰሌዳው ላይ እየተንከባለለች ደወል ታስጮሃለች፣ ቁጥር ታስቆጥራለች። ጋሽ ሊፍት ይህንን ከቁርጥራጭ ብረት ክምር ውስጥ አንስተው ካመጡት ሁለት ዓመት ሆኖታል። ክፍሉ መስኮት የለውም። የቲነሩ ሽታ በሩ ከተከፈተ በኋላም ዓይን ያቃጥላል።

«ኢንስፔክተር፣ ነገሩ ግልጽ ነው» አለ ሳጅኑ። «በሩ ከውስጥ በኩል እጀታው ከተነቀለ ቆይቷል። ሁልጊዜ እንዳይዘጋ በሽብልቅ አስደግፈው ነው የሚሠሩት። ዛሬ ሰሌዳውን በቲነር ሲያጥቡ ሽብልቁ ተንሸራተተ፣ በሩ ተዘጋ። የአየር ማውጫው ማብሪያ ደግሞ ውጭ ነው፣ እሱም ጠፍቷል። ሐኪሙ ሳንባቸው ድሮውንም ደካማ ነበር ይላል። አደጋ ነው።»

«ሽብልቁ የታለ?»

ሳጅኑ ጎንበስ ብሎ ወለሉን ፈለገ። የለም። መርማሪዋ ወደ ኮሪደሩ ወጣችና ከበሩ ጎን ያለውን መደርደሪያ ቀና ብላ አየች። ሽብልቁ ከላይኛው እርከን፣ ከቀለም ቆርቆሮ አጠገብ ተቀምጧል።

«ተንሸራቶ እዚህ ወጣ ልትለኝ ነው?» አለች። ሳጅኑ ጆሮውን አከከ።

ተመልሳ ማሽኑን ትመረምር ጀመር። እያንዳንዱ ሽቦ ላይ በፕላስተር ስሙ ተጽፏል፤ የድሮዎቹ ፊደላት የተንቀጠቀጡ ናቸው፣ የቅርቦቹ በማስመሪያ የተሰመሩ ይመስላሉ። ስድስት ሽቦዎች ተቆርጠው ጫፋቸው ያብለጨልጫል። መቁረጫው ማሽኑ ሥር ወድቋል። በስተቀኝ ጥግ ላይ ደግሞ አራት የብሎን ቀዳዳ ያለው ባዶ ቦታ አለ፤ ከጎኑ ሁለት ሽቦዎች በላስቲክ ተጠቅልለው ተንጠልጥለዋል። ፕላስተሩ ላይ በቀጥ ባሉት ፊደላት «ማንኳኪያ፣ ሐሙስ ወጣ» ይላል።

መርማሪዋ ይህንን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ለሳጅኑ በጆሮው አንድ ነገር ነግራው ወደ ስልክ ላከችው።

እናትየው፣ የሟቹ ሚስት፣ መኝታ ቤት አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። መርማሪዋ ገና ስትገባ እጇን ያዙ።

«ልጄ፣ ሌላ አልጠይቅሽም። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ፣ ያንኳኳው እሱ ነበር?»

«መቼ ነው የተንኳኳው?»

«ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ግድም። ልብስ እየተኮስኩ ነበር። አየሽ፣ ያ ማሽን ሰው ሲያሸንፍ ነፃ ጨዋታ ይሰጣል፤ ሲሰጥ ደግሞ ውስጡ ያለ ብረት እንጨቱን ጓ! ያደርገዋል። ልክ ሰው በር ሲያንኳኳ። መጀመሪያ ሰሞን እየተነሳሁ የውጭውን በር እከፍት ነበር። እሱ በሳቅ ይሞትብኛል። በኋላ ተውኩት፤ ስንቴ ልሞኝ? ዛሬ ግን በዛብኝ። ብድግ ስል ልጄ አጠገቤ ተቀምጧል፣ ‹ማሽኑ ነው እማዬ፣ አባዬ እየሞከረው ነው፣ ተቀመጪ› አለኝ። ተቀመጥኩ። ጭራሽ ሬዲዮኑን ከፍ አደረግኩት። በዚህ እጄ! እሱ ከነበረ እኔ ነኝ የገደልኩት፣ አይደል?»

«እስካሁን አላወቅኩም፣ እናቴ። ሳውቅ እነግርዎታለሁ።»

ተከራይዋ ሌሊት ዳቦ ቤት የምትሠራ፣ ቀን ቀን ፎቅ ላይ የምትተኛ ሴት ናት። ገና ሳትጠየቅ እንባዋ መጣ።

«አየር ማውጫውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ! እንደ ወፍጮ ነው የሚጮኸው፣ እንቅልፍ ከለከለኝ። በር ክፍት ስለነበር ምንም አይሆኑም ብዬ ነው።»

«ስንት ሰዓት ላይ?»

«ስምንት ሰዓት። ሽብልቁ በቦታው ነበር። ሰላም አልኳቸው፣ እጃቸውን አውለበለቡልኝ።»

«ማንኳኳቱንስ ሰምተሻል?»

«መስማት ብቻ! ሦስቴ ጓ ጓ ጓ፣ ዝም። ደግሞ ሦስቴ፣ ዝም። አናቴን ሲወቅጠኝ ‹ኧረ በፈጠራችሁ!› ብዬ ጮህኩ። ወዲያው ተወ። ሰሙኝ ብዬ ተኛሁ።»

ልጅቷ፣ ሬሳውን ያገኘችው የሟቹ ሴት ልጅ፣ ፀጉሯ አዲስ ተሠርቷል። ከሰባት ተኩል እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ፀጉር ቤት እንደነበረች የፀጉር ቤቷ ባለቤት መስክራላታለች። ከአባቷ ጋር ምሳ ላይ መጣላቷን ግን አልደበቀችም።

«‹ይህን ቆርቆሮ በመጥረቢያ ነው የምፈልጥልህ› ብዬዋለሁ። ለራሴ አይደለም። ወንድም ጋሼ አሳዝኖኝ ነው። እሱም እንደ አባዬ የሊፍት ሠራተኛ ነው፤ ሌላ ከተማ በኃላፊነት ተመድቦ ነበር። አባዬ እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ‹ማሽኑን አብረን እንጨርስና ትሄዳለህ› አለው። ይኸው ሁለት ዓመት! አለቀ ሲባል ይበላሻል፣ ሲሠራ ይበላሻል። ሦስቴ ነው ምደባውን ያራዘመው። ሰኞ ካልተገኘ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። አርባ ዓመቱ እኮ ነው፣ ዛሬም እንደ ትንሽ ልጅ ማታ ማታ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ባትሪ ያዥ ነው!»

ልጁ ሳሎን ቆሟል፤ ረጅም ነው፣ ትከሻው ግን ዝቅ ያለ ጣሪያ ሥር እንዳለ ሰው ጎብጧል።

«እኔም እንደ ሁሉም ሰው ማሽኑ ነው የመሰለኝ» አለ።

«ማሽኑን ለመጨረሻ ጊዜ የነካኸው መቼ ነው?»

«በዚህ ሳምንት አልነካሁትም። አባዬ ብቻውን ነበር የሚሠራው።»

«እሺ። ስምህንና የሥራ ቦታህን እዚህ ጻፍልኝ።»

ጻፈላት። ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተችና ወደ ዕቃ ቤቱ ሄደች። ሬሳው ተነስቷል። ሳጅኑን በሩን እንዲዘጋባት አዘዘችው።

በሩ ሲገጥም ጆሮዋ ድፍን አለ። ክፍሉ በአንዴ ጠበበባት። እጀታው በነበረበት ቦታ ጣት የማታስገባ ቀዳዳ ብቻ አለች። ቲነሩ ጉሮሮዋ ውስጥ ገባ። እንደሚከፈትላት እያወቀች እንኳ ጥፍሯን ወደ ቀዳዳዋ ሰደደች። ጋሽ ሊፍት እንደሚከፈትላቸው ሳያውቁ ስንት ደቂቃ ቆዩ? መዶሻውን አንስታ ሦስቴ መታች። ቆየችና ደግሞ ሦስቴ።

የሩጫ ኮቴ ተሰማ። በሩ ተበርግዶ ተከፈተ፤ የከፈተው ሳጅኑ አልነበረም። እናትየው በባዶ እግራቸው ቆመዋል።

«ይኸው ነው» አሉ እያለከለኩ። «ይኸው ድምፅ ነው። ወይኔ!»

ሳጅኑ ደግፎ ወሰዳቸው።

ሁሉም ሳሎን ተሰበሰቡ። መርማሪዋ በሩን ዘግታ ጀርባዋን ሰጠችው፤ ማንም ዓይኑን የሚያሳርፍበት አላገኘም።

«ሽብልቁ ራሱ አልተንሸራተተም» ብላ ጀመረች። «ሰው አንስቶ መደርደሪያ ላይ አስቀምጦታል። ስምንት ሰዓት ላይ በቦታው እንደነበር ተከራይዋ አይታለች።»

«እሷስ ራሷ ካነሳችው?» አለች ልጅቷ።

«መደርደሪያው ጫፍ ላይ እኔ በእግሬ ጣት ቆሜም አልደርስም፤ እሷ ከእኔ ታጥራለች፣ እናትሽም እንዲሁ። ግን በቁመት ሰው አልከስም። ዘጠኝ ተኩል ላይ መንኳኳት ጀመረ። ቤቱ ሁሉ ማሽኑ ነው ብሎ አመነ። ለምን አያምን? ሁለት ዓመት ሲሰማው የኖረ ድምፅ ነው። ማሽኑ ግን ዛሬ ማንኳኳት አይችልም ነበር።»

«እንዴት?» አሉ እናትየው።

«ማንኳኪያው የለማ። የመዳብ ሽቦ ጥቅልሉ ተቃጥሎ ሐሙስ ዕለት ወልቋል፤ እንደገና እንዲጠመጠም የሰፈሩ ሞተር ጠምጣሚ ሱቅ ውስጥ ነው ያለው። ሳጅኑ አሁን ደውሎ አረጋግጧል። እንግዲህ ጥያቄው ይኼ ነው፤ በዚህ ቤት ውስጥ ማንኳኪያው እንደሌለ የሚያውቅ ማነው? ሟቹ ያውቃሉ። ሌላው ያወለቀው ሰው ነው።» ሁለት ነገር ጠረጴዛው ላይ አኖረች፤ አንዱ ከሽቦው የተላጠው ፕላስተር ነው፣ ሌላው ልጁ የጻፈው ወረቀት። «የጋሽ ሊፍት ፊደል ይንቀጠቀጣል። ይኼ አይንቀጠቀጥም። ጠምጣሚውም ‹ረጅሙ ልጃቸው ነው ያመጣው› ብሏል።»

ልጁ ሁለቱንም አላያቸውም።

«አንድ ነገር ልጨምር። ማሽን ሲያንኳኳ አንዴ ጓ ብሎ ያበቃል። ይኼኛው ሦስት ሦስት ነበር። በእናንተ ሥራ ሊፍት ውስጥ የቀረ ሰው ሦስት ሦስት ሲመታ ምን ማለት ነው?»

«‹ሰው አለ› ማለት ነው» አለ ልጁ።

«ማን አስተማረህ?»

«አባዬ።»

«እናትህ ልትከፍት ብድግ ስትል ታዲያ ምን አልካት?»

ልጅቷ «ወንድም ጋሼ!» ብላ ጮኸች። እሱ ተቀመጠ፤ ፖሊሶቹ ከመጡ ጀምሮ ገና መቀመጡ ነበር።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሻንጣዬን አሰርኩና ልሰናበተው ገባሁ» አለ። «ትናንት ሁሉም ነገር ሠርቶ ነበር፤ የቀረው ያቺ ማንኳኪያ ብቻ ናት። ስገባ ማሽኑ ላይ አጎንብሶ ሽቦ ይቆርጣል። የኔን ሽቦ! አንድ በአንድ ስም የጻፍኩበትን። ሁለት ዓመት ሙሉ ማን እንደሚያበላሸው ሳስብ የነበረው፣ እሱ ራሱ ነው። አየኝና ምን አለኝ መሰላችሁ? ‹ትንሽ ቀርቶናል› አለኝ። ዓይኔ ጨለመ። ሽብልቁን አነሳሁ። እስቲ አንተም ተዘግቶብህ እየው ብዬ።»

«አየር ማውጫውስ?»

«መጥፋቱን አላወቅኩም፣ እውነቴን ነው። ማንኳኳት ሲጀምር ግን እሱ መሆኑን አውቄያለሁ። አሁን እከፍታለሁ፣ ደግሞ አንዴ ይምታና እከፍታለሁ እያልኩ ቆጠርኩ። ዝም ሲል…» ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ዝም ሲል ቀለለኝ። አኩርፎ ተቀመጠ ብዬ። ሻይ ጠጣሁ እኮ!»

መርማሪዋ ወደ እናትየው ዞረች።

«የጠየቁኝን ልመልስልዎት። ያንኳኩት እሳቸው ነበሩ። እርስዎ ግን ሊከፍቱ ተነስተው ነበር። እርስዎ አልገደሉም።»

«ተይ ልጄ፣ እሱ ያለውን ሰርዢው» አሉ እናትየው። «ሬዲዮኑን ከፍ ያደረግኩት እኔ ነኝ። እሷ ናት ብለሽ ጻፊ፣ እፈርማለሁ። ምን ቀረኝ እኔ? እሱ ሰኞ ይሂድበት።»

«አልችልም፣ እናቴ።»

«ሁለቱንም በአንድ ቀን?»

ሳጅኑ የልጁን ክንድ ይዞ አስነሳው። እናትየው ተከትለው እስከ መኪናው ወጡ፤ አላለቀሱም፣ ልጃቸውንም አልነኩትም። የመኪናው በር ሲዘጋ መርማሪዋን እጅጌዋን ያዝ አደረጓት።

«የምታስገቡት ክፍል» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «መስኮት አለው?»

የጣቢያው ማቆያ ክፍል አራቱም ግድግዳ ድፍን ነው። ሳጅኑም ያውቃል።

«አለው» አለች መርማሪዋ፣ ሳጅኑም መኪናውን አስነሳ።