ታንኳን እንደ በቅሎ ያሰረው አለነ

ይህን ስነግራችሁ ሐሰት ከተገኘብኝ ቁስቋም ትፍረድብኝ። ሰው ሌላ ሌላውን ወሬዬን ቢጠራጠር አልፈርድበትም። ይህኛው ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው።

ጣሊያን በወጣ በሰባተኛው ዓመት፣ በጥቅምት፣ የቁስቋሙ አለነ ከሚስቱ ከይመኙሽ ጋር ከመገጭ ወንዝ አፍ በደንገል ታንኳ ተነሣ። የጣናን ዳር ዳሩን ይዘው በሦስት ቀን ደልጊ መግባት አለባቸው። የይመኙሽ እኅት ሴት ልጅ ወልዳ ሰማንያ ቀኗ ሊሞላ ነው። ክርስትና ላንሳት ባዮች ግን ሁለት ሆኑ፤ ይመኙሽና የአባትየው እኅት ሽታዬ። አባትየው መሪጌታ ሐብተ ማርያም ጭቅጭቁ ቢሰለቻቸው «ቀድማ ደልጊ የደረሰች ታንሳት» ብለው ላኩባቸው። ይመኙሽ የራሷ ልጅ የላትም። ለሕፃኗ ማተብ በእጇ ፈትላ በሹሩባዋ ውስጥ ሸጉጣዋለች።

አለነ ሃያ ዓመት በቅሎ የነዳ ነጋዴ ነው፤ ውኃን የሚያውቀው ሲሻገረው ነው። ይመኙሽ ግን የደልጊ ልጅ ናት። ጋቢውን ነጥቃ በሸምበቆ ላይ ወጠረችና ነፋስ አስያዘችው። ታንኳዋ ሽው አለች።

«ጋቢዬ ከኔ ቀድሞ አገር ሊያይ ነው» አለ አለነ።

ቀን ዳቦ ቆሎ እየቆረጠሙ፣ ማታ ዓሣ እየጠበሱ፣ እንደ አዲስ ሙሽሮች ሲሳሳቁ ሁለተኛው ቀን ደረሰ። ከቀትር በኋላ ነፋሱ ከደቡብ ተነሣ። ሞገዱ ታንኳዋን በሰፌድ ላይ እንዳለ እህል አንገዋለላት፤ ጋቢው ከመሐሉ ተተረተረ። እየቀዘፉ፣ የገባውን ውኃ እየቀዱ፣ እየጸለዩ በመከራ ዳር ወጡ።

«አያ አለነ፣ ታንኳዋን አውጥተው ያቁሟት፤ ውኃዋ ይንጠፍ» ብላ ይመኙሽ እንጨት ልትለቅም ሄደች።

ከብት ማሳደር ለአለነ ይነገረዋል እንዴ? ታንኳዋን ከውኃው ሳያወጣ ከዳሩ ሾላ ሥር በጠፍር አሰራት፤ ቋጠሮውም የበቅሎ ቋጠሮ። እንዳይከፋት ብሎ እፍኝ ሣር ከፊቷ ጣለላት።

ደንገሉ ሌሊቱን ሙሉ ሲጠጣ አደረ። ጧት ቢመጡ ከውኃው በላይ የሚታየው ጀርባዋ ብቻ ነው።

«ምነው እንዲህ ወፈረች?» አለ አለነ።

«ሣሩ ተስማምቷት ነዋ» አለች ይመኙሽ።

ለማድረቅ ጊዜ የለም። እግራቸው ውኃ ውስጥ እንዳለ ተነሡ። ብዙም ሳይርቁ ሽታዬ በሁለት ቀዛፊዎች ከኋላ ደርሳ አለፈቻቸው።

«ይመኙሽ፣ ባልሽ ታንኳ ነው የሚነዳው ወይስ ጭቃ?» ብላ ሄደች።

ይመኙሽ እጇን ወደ ሹሩባዋ ሰድዳ ማተቡን ዳበሰችው። ይህን ሲያይ አለነ መቅዘፊያው እስኪጎብጥ ቀዘፈ፤ ታንኳዋ ግን ከመሄድ ይልቅ መስጠም ይቀናታል።

ያን ጊዜ ከኋላቸው ውኃው ተሰነጠቀና ጎጆ የሚያህል ራስ ብቅ አለ። እናት ጉማሬ ናት። የታንኳዋን እርጥብ ጀርባ አየች፤ ቀርባ አሸተተች፤ ጆሮዋን አራገበች።

«ይመኙሽ፣ አበቃልን» አለ አለነ።

«ዝም ይበሉ። ልጄ ናት ብላ ነው።»

«ልቅዘፍ?»

«አይቅዘፉ። የጉማሬ ልጅ አይቀዝፍም።»

ጉማሬዋ አፍንጫዋን ከታንኳዋ ኋላ አስጠግታ ገፋ አደረገቻት። ሰነፍ ልጇን እንደምታስተምር እናት ገፋች፣ ገፋች። ዳርቻው ወደ ኋላ ይሮጥ ጀመር። የሽታዬ ቀዛፊዎች ይህን ሲያዩ እሷን ከነታንኳዋ ሸምበቆው ውስጥ ትተው ዛፍ ላይ ወጡ።

«እትዬ ሽታዬ፣ እንግዲህ እንቅደም» አለች ይመኙሽ በትሕትና።

«ምንድን ነው እሱ የምትነጂው?»

«የአያ አለነ በቅሎ ናት።»

ደልጊ ሲደርሱ ጉማሬዋ ታንኳዋን ጭቃው ላይ አወጣቻት፤ ላሰቻት፤ አልነሣ ስትላት ተክዛ ተመለሰች። በማግሥቱ ይመኙሽ ሕፃኗን ከካህኑ እጅ ተቀበለች። ሕፃኗ ወለተ ሩፋኤል ተባለች፤ በሞገዱ የራሰው ማተብም ደርቆ ባንገቷ ታሰረ። ዘግይታ የደረሰችው ሽታዬም ከሁሉ አስረዝማ እልል አለች። አለነ በሰው ሁሉ ፊት «ጥፋቱ የኔ ነው፤ አንቺን መስማት ነበረብኝ» አለ።

እንግዲህ ምያለሁና ከቁስቋም ጋር ልጣላ አልፈልግም። ጉማሬዋ እውነት ናት፤ ሣሩም እውነት ነው። ይችን የአለነን ቃል ግን የጨመርኋት እኔ ነኝ። እሱ እቴ፣ እንዲህ ሊል! ሲመለሱ ግን በየማታው ማንም ሳያዘው ታንኳዋን ተሸክሞ ያወጣል፤ ከዛፍ አስደግፎ ያቆማታል። ይመኙሽም ከእሳቱ ዳር ሆና «ሸጋ» ትለዋለች።