ይገዙ እና ሌሎች

ባሕር በሌለበት አገር የባሕር ተመራማሪ፣ ስሙ ደግሞ ኖህ። ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል መጥቶ ራሱን ሲያስተዋውቀኝ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

«መርከብህን የት አቆምካት?» አልኩት።

«ታች ጳውሎስ፣ ታክሲ ተራ።» ፊቱ ላይ ፈገግታ እንኳ የለም። ያኔውኑ ወደድኩት፤ ምን እዋሻለሁ።

የፈለገው የኔን መዝገብ ነበር። ማዕከሉ ውስጥ ዝናብ የምለካው እኔ ነኝ፤ በየቀኑ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ዓመት በዓል ቢሆንም። ያኔ የሰባት ዓመት ዝናብ በእጅ ጽሑፌ ተቀምጦ ነበር። ኖህ የሕንድ ውቅያኖስ ሲሞቅ የእንጦጦ ክረምት ምን እንደሚሆን ያጠና ስለነበር፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ዳገቱን እየወጣ አጠገቤ ተቀምጦ ሲገለብጥ ኖረ። አንዳንድ ቀን ምንም አይገለብጥም። እጄን ያያል፤ እኔ ደግሞ እንዳላየ ሰው እሆናለሁ።

አንድ ቀን ስለ አባቴ ነገርኩት። እንጦጦ ላይ እንጨት ቆራጭ ነበር፤ የሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ ሞተ። ያሳደገኝ አጎቴ ሐብታሙ ትምህርት ቤት ሲያስገባኝ በራሱ ስም አስመዘገበኝ። መታወቂያዬም ሊሚ ሐብታሙ ነው የሚለው።

«ለታ የሚለው ስም የትም ወረቀት ላይ የለም» አልኩት። «እንዳልኖረ ሰው።»

ኖህ ሲሰናበተኝ እጄን ሳይለቅ ቆየ።

«የጥናቴ ጽሑፍ ሲወጣ ስምሽ ከስሜ ጎን ይሆናል። እሱን ይዤ ነው ለአጎትሽ ሽማግሌ የምልከው።»

ጽሑፉ የወጣ ዕለት ደወለ። «ቅዳሜ ይዤልሽ እመጣለሁ። እስከዚያ እንዳታዪው፣ አደራ።»

እኔ ግን መች አስችሎኝ። ጳውሎስ ወርጄ ኢንተርኔት ቤት ገባሁ። ርዕሱን አገኘሁት። ከሥሩ «ይገዙ እና ሌሎች» ይላል፤ ይገዙ የኖህ አባት ስም ነው፤ ፈረንጆች ጸሐፊን የሚጠሩት በአባቱ ስም ነው። ውስጡ ተቆልፏል፣ ካልተከፈለበት አይከፈትም። ሊሚ ሐብታሙ ብዬ ፈለግኩ። ምንም የለም። ደግሜ ፈለግኩ። የለም። ዘጠኝ ዓመት በብርድ የለካሁት እኔ «ሌሎች» ውስጥ እንኳ ሳልገባ ቀረሁ።

ቅዳሜ ፖስታ ይዞ መጣ። ዘበኛውን «የለችም በለው» አልኩት። ፖስታውን ትቶልኝ ሊሄድ ሲል፣ ሳልከፍተው በዘበኛው እጅ መለስኩለት። ማታውን ደወለ።

«ሊሚዬ፣ አንዴ ብቻ ገልጠሽ እይው።»

«አይቼው ነው የተቃጠልኩት።»

«ምኑን አየሽው?»

ዘጋሁበት። ሦስት ወር ደወለ፤ አላነሳሁም። ከዚያ ሞምባሳ፣ ባሕር ዳርቻ ያለ ተቋም ሥራ አግኝቶ ሄደ ሲባል ሰማሁ። ይሂድ አልኩ። በነጋታው መዝገቡ ላይ እያለቀስኩ የዕለቱን ቁጥር አበላሸሁት።

ይህ ከሆነ ስምንት ዓመቱ ነው። ባለፈው ሐምሌ ሳሌም የምትባል ተማሪ ለመመረቂያ ጥናቷ ማዕከላችን መጣች።

«ለታ የሚባል ሰውዬ ታውቂያለሽ፣ ሊሚ?» አለችኝ ኮምፒውተሯን ወደኔ እያዞረች። «ከዶክተር ኖህ ጋር ስለ ጉለሌ ዝናብ የጻፈው። ሁሉም የሚጠቅሱት የሱን ልኬት ነው።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። የራስ ስም በአንድ ፊደል ብቻ ነው የተጻፈው፤ ኖ. ይገዙ። ቀጥሎ ሊ. ለታ። ከኛ በኋላ ሁለት የፈረንጅ ስሞች። ሁለት መቶ አርባ ጽሑፎች ጠቅሰውታል። የኖህን ገጽ ክፈቺልኝ አልኳት። ከዚያ ወዲህ አሥራ አራት ጽሑፍ አውጥቷል፤ በአሥራ አራቱም ውስጥ ልኬቴ ሲጠቀስ የአባቴ ስም አለ። ስልክ የዘጋሁበት ሰው በየዓመቱ ሲጽፈው ኖሯል።

«ምነው፣ አመመሽ እንዴ?» አለች ሳሌም።

«ሰውዬው እኔ ነኝ» አልኳት።

ለኖህ በኢሜይል «አየሁት» ብዬ ብቻ ጻፍኩለት። ሁለት ቀን ቆይቶ መለሰ።

«ተመስገን። ያኔ ሳልነግርሽ ላስደስትሽ ብዬ ነው ያጠፋሁት። በሳቸው ስም ፋንታ የአባትሽን ስለጻፍኩ አጎትሽ እንዳይቀየሙም መጀመሪያ አንቺ እንድታዪው ፈልጌ ነበር። አሁን ባለትዳር ነኝ፣ ሊሚ። ስለ አባትሽ ለባለቤቴ ነግሬያታለሁ፤ ሰላም በላት ብላለች።»

ደጋግሜ አነበብኩት። ክፉ ቃል ብፈልግበት አጣሁ፤ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ዝናቡን ለካሁ። አሥራ አንድ ሚሊሜትር። መዝገቡ ላይ «የለካው ሰው ስም» በሚለው ቦታ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊሚ ለታ ብዬ ጻፍኩ። አጠገቤ ያለው ወንበር ባዶ ነበር።