ጋሊያ የዘለለችው ቃል

«ምን… አለችኝ?» አሉ አቶ አንዳርጌ፣ የሆስፒታሉን አልጋ ጠርዝ በሁለት እጃቸው ጨብጠው። ከሁለት ቃል በላይ ባንድ ትንፋሽ መናገር አቅቷቸዋል። ዕብራይስጣቸው ከሱቅና ከአውቶብስ አያልፍም፤ ስለዚህ ዓይናቸው የልጅ ልጃቸው ጋሊያ ላይ ነው።

ወጣቷ ሐኪም ያለችው ግልጽ ነበር። «ኢዲት እባላለሁ። ስታዤሪት ነኝ፤ ትምህርቴን ጨርሼ ዘንድሮ የልምምድ ዓመቴ ነው። ሳንባቸው ዙሪያ የሞላውን ውሃ በመርፌ የምቀዳው እኔ ነኝ። ይህን ስሠራ ሦስተኛዬ ነው። ትልቁ ሐኪም ዶክተር ናፍታሊ ከአጠገቤ አይለዩም። አያትሽ እምቢ ማለትም ይችላሉ።»

ጋሊያን ያስፈራት ይኸው የመጨረሻው ነው። አምና አንድ ተማሪ ደም ሊቀዳቸው አራት ጊዜ ወግቷቸው፣ ክንዳቸው ጠቁሮ ሰንብቷል። ከዚያ ወዲህ «የልጆች መማሪያ አይደለሁም» ይላሉ። እሳቸው ደግሞ አንዴ እምቢ ካሉ እምቢ ነው፤ ሰፈራቸው ሮቫ ዩድ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል።

አሁን እምቢ ቢሉስ? ከንፈራቸው ጠቁሯል። እናቷ ፋብሪካ ገብታለች፤ ሰባት ጊዜ ብትደውልም አላነሳችም። ጋሊያ ገና አሥራ አራት ዓመቷ ነው። እንዲህ ጨንቋት አያውቅም።

«ትልቅ ሐኪም ናት» አለች። «ብዙ ዓመት ሠርታለች።»

አቶ አንዳርጌ ኢዲትን ከላይ እስከ ታች አዩዋት። «ፊቷ… የልጅ ነው።»

«ፈረንጆቹ ዕድሜያቸው አያስታውቅም፣ አባባ።»

ሊስቁ ሞክረው ሳል አጣደፋቸው። ሳሉ ጋብ ሲልላቸው ኢዲት ከፈቃድ ወረቀቱ ጋር የዘረጋችላቸውን እስክሪብቶ ተቀበሉ።

«ጋሊያ… ከፈጣሪ በታች… አንቺን አምኜ ነው… የምፈርም።»

«ምን አሉ?» አለች ኢዲት።

ጋሊያ ወደ እስክሪብቶው አየች።

«ማን እንደሆንኩ ነገርሻቸው? ሦስተኛዬ መሆኑንም?»

«ሁሉም ቤሴዴር ነው፣ ነግሬያቸዋለሁ» ማለት ይቻል ነበር። አንድ ፊርማ ብቻ ቀርቷል፤ ከዚያ መርፌው ይገባል፣ አባባ ይተነፍሳሉ፣ ማንም አያውቅም። አባባ ግን ወረቀቱን እንኳ አላዩትም። የሚያዩት ጋሊያን ነው።

እስክሪብቶውን ቀስ ብላ ከጣታቸው ወሰደች።

«አባባ፣ ቅድም የነገርኩዎት ልክ አይደለም። ከስሟ ልጀምርልዎት። ኢዲት ትባላለች።»