የሹንፔይ ፍርሃት

ሹንፔይ ስልኩን ከዘጋ ሳምንት ሆነው። እጮኛው ሚዙሆ ጥፋቱ የማን እንደሆነ አልጠፋትም፤ የገዛ ምላሷ ነው።

የተዋወቁት በጃፓኗ ሰንዳይ ከተማ፣ እሷ በምትሠራበት የአይጦች ቤተ ሙከራ ነበር። ማቀዝቀዣ ሊጠግን መጥቶ፣ ጥግ ይዘው የሚንቀጠቀጡ አይጦች አየ።

«ምን አድርጋችኋቸው ነው?»

«እነሱን ምንም። አያታቸው ነው የቼሪ ሽታ በመጣ ቁጥር ኤሌክትሪክ ይነዝረው የነበረው። እነሱ አያታቸውን አይተውት አያውቁም፤ ሽታው ሲመጣ ግን ይኸው።»

«ምስኪኖች! የሚወረስ ጠፍቶ!» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ልቧ ውስጥ ቀረ። በዓመቱ ሊጋቡ ተስማሙ።

ሠርጉ ሲቃረብ፣ ምሳ እየበሉ ሳለ መሬት ተንቀጠቀጠች። መንቀጥቀጡ ቀላል ነበር፤ አስተናጋጇ እንኳ ሳህኖቿን ደገፍ አድርጋ ሥራዋን ቀጠለች። ሹንፔይ ግን በድን ሆነ። ልጅ ሳለ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ ያስነሣው የሱናሚ ማዕበል እናቱን ሲወስዳት ከኮረብታ ላይ ሆኖ ያየ ሰው ነው።

ሲረጋጋ፣ «ያ የአይጦቹ ነገር ሰውም ላይ ይደርሳል?» አላት።

«ሊሆን ይችላል» አለች፣ እንደ አስተማሪ። «ዘረመሉ ሳይለወጥ፣ ላዩ ላይ ያለው ኬሚካላዊ ምልክት ይለወጥና ለልጅ ይተላለፋል።»

ሹንፔይ ምግቡን ገፋ አደረገው። በማግስቱ ባሕር ጠረፍ ወዳለችው የልጅነት ከተማው ኬሰንኑማ፣ አክስቱ ዘንድ ሄደ። ስልኩንም ዘጋ።

ሚዙሆ ተከተለችው። ኮረብታው ላይ፣ ጀርባውን ለባሕሩ ሰጥቶ ተቀምጦ አገኘችው።

«ለምን መጣሽ?»

«ስልክህ ሞተ። አንተም የሞትክ መስሎኝ።»

«ተይኝ፣ ሚዙሆ። ሲንቀጠቀጥ የሚኖር ልጅ አልወልድም።»

«የነገርኩህ ግማሹን ነው። ያንኑ ሽታ ያለ ሕመም ደጋግመው ያሸተቱት አይጦች ፍርሃታቸው ለቀቃቸው። ልጆቻቸውም አልፈሩም።»

«እኔ አይጥ ነኝ?»

«አይደለህም። ስለ ሰው እኔም አላውቅም፤ የሚያውቅ ካለ አምጣልኝ።»

ፊቱን አዞረባት። በባቡሩ ውስጥ ስታጠናው የመጣችው ንግግር ሁሉ ጠፋባት።

«ልጁ ፈሪ ቢሆንስ?» አለች። «ያን ቀን እዚህ ኮረብታ ላይ ያወጣህ ምን ሆነና? ፍርሃትህ አይደል? ፈሪ ለእናቱ ነው። እናቱ ደግሞ እኔ ነኝ።»

ቀና አለ። መጀመሪያ ዓይኗን፣ ቀጥሎ ሆዷ ላይ ያረፈውን እጇን አየ።

«እናቱ... አሁን?»

«አሁን።»

ሹንፔይ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ኋላም፣ «ባሕሩ ዳር አብረሽኝ ትወርጃለሽ? ብቻዬን አልችልም» አላት።

ወረዱ። እጇን አጥብቆ ከመያዙ የተነሣ ጣቶቿ ደነዘዙ። ማዕበሉ እግራቸው ሥር ሲደርስ ሹንፔይ ወደ ኋላ ሸሸ፤ አልሳቀችበትም። በማግስቱ ግን «እንሂድ» ያላት እሱ ነበር። ሠርጋቸውንም እዚያው አክስቱ ቤት አደረጉ።

ልጃቸው ሺኦሪ በክረምት ተወለደች። ገና ጥርስ ሳታበቅል፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ተናወጠ። ሚዙሆ ከወጥ ቤት ሮጣ ስትገባ፣ ሹንፔይ ፊቱ አመድ መስሎ፣ ሕፃኗን ደረቱ ላይ አጣብቆ በሩ ጋ ደርሷል። እንደ ምሳው ቀን በድን አልሆነም።

«ተኝታለች» አላት፣ እንባው እየወረደ። «ሚዙሆ፣ ምንም አልሰማችም!»

ከአንድ ሕፃን እንቅልፍ ምንም መደምደም እንደማይቻል ሚዙሆ አሳምራ ታውቃለች። በሩን ከፈተችለት፤ ሦስቱም ወደ ፀሐይ ወጡ።