ወደ ቦታዋ የተመለሰችው ቀለበት

የብስክሌት ነጋዴው ከአለቱ ሥር በግንባሩ ተደፍቶ ሞቷል። ብስክሌቱ ከጎኑ ተጋድሟል። ማንም ምንም ሳይመረምር ደግሞ መካኒኩ ካቴና ገብቶለታል፤ አንድ ጉልበቱ አልታጠፍ ብሎት ሲያነክስ የኖረ ምስኪን! መርማሪዋ ይህን ስታይ ደሟ ፈላ።

«ማን እሰሩት አላችሁ?»

«የብስክሌቱን መንገጫገጭ የሚያበርደውን የፊት ሾክ ትናንት የጠገነው እሱ ነው» አለ ፖሊሱ። «ሰውዬው ከአለቱ ሲዘል ሾኩ ከዳው። የነገረን የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው።»

«ኧረ እኔ በደንብ ነው የሠራሁት!» አለ መካኒኩ። «ዘይቱን ቀየርኩ፣ ለክብደቱ የሚሆን አየር ሞላሁ። እመቤቴ፣ ሦስት ልጆች አሉኝ፤ በማላውቀው ነገር አታስበሉኝ!»

ባልደረቦቿ «እሾህ» የሚሏት በከንቱ አይደለም። ብስክሌቱን አየችው። እስከ አንገቱ ጭቃ ነው፤ የፊት ጎማውን የያዙት የሾኩ ሁለት ቱቦዎች ብቻ ያብረቀርቃሉ። በአንደኛው ቱቦ ላይ ቀጭን የጎማ ቀለበት ከታች ተቀምጣለች። መሪውን በሁለት እጇ ተጫነችው። ሾኩ ሰመጠ፣ ተመለሰ፤ ጤነኛ ነው። ቀለበቷ ግን ሁለት ጣት ያህል ወደ ላይ ተገፍታ እዚያው ቀረች።

ከዚያ ወደ አለቱ ጫፍ ወጣች። የጎማው ዱካ አልዘለለም፤ በጎን ባለችው ጭቃማ መንገድ ዞሮ ወርዷል። ከዱካው አጠገብ የሰው ኮቴ የለም።

የሟቹን ባለቤት ቤቷ አገኘቻት።

«ባለቤትዎ ብስክሌቱን ይጠርግ ነበር?»

«እሱ? ጭቃውን ይዞ ሳሎን የሚገባ ሰውዬ!» አለችና እንባዋ መጣ። «እኔም ምንጣፉን እንጂ ብስክሌቱን ነክቼ አላውቅም። መንዳቱንማ ማን አስተምሮኝ?»

«ከወንድሙ ጋር እንዴት ነበሩ?»

«ወንድሙ ከዓመት ወዲህ ልቡ ተሰብሯል። አንድያ ልጁ የሞተው እዚያው አለት ላይ ነው።»

ወንድምየው የሰፈሩን ልጆች ብስክሌት የሚያስተምር ሰው ነው። የሟቹ ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ አገኘችው።

«ጠዋት የት ነበሩ?»

«ቤቴ፣ ተኝቼ።»

«ወንድምዎ ምን ዓይነት ሰው ነበር?»

«ነጋዴ» አለ፣ እንደ መራራ ነገር እየተፋው። እያወራ ከኪሱ ጨርቅ አውጥቶ አጠገቡ የቆመውን ብስክሌት ሾክ ወለወለ፤ ቀለበቱንም በአውራ ጣቱ ወደ ታች መለሰው።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም እዚያው ሱቅ ሰበሰበቻቸው።

«ሟቹ አልዘለለም» አለች። «ከዚያ ከፍታ ቢዘል ሾኩ እስከ ጥጉ ሰምጦ ቀለበቷን እላይ ያደርሳት ነበር። ሰው ካልመለሳት አትወርድም። እኔ ያገኘኋት ከታች ነው።»

«ብስክሌቱ አልተነዳም በሉኛ!» አለ ፖሊሱ።

«ተነድቷል እንጂ! ሟቹን ከአለቱ ጫፍ ሰው ገፋው። የገፋው ሰው ብስክሌቱን በጎን መንገድ አውርዶ አጠገቡ አጋደመው። ኮቴ ስለሌለ እየነዳ ነው የወረደው። የሟቹ ባለቤት መንዳት አይችሉም፤ መካኒኩ ጉልበቱ አይታጠፍም። ያ ሰው፣ ወንድሙን ገድሎ እንኳ፣ እጁ የለመደውን አልተወም። ቱቦዎቹን ጠረገ፣ ቀለበቷን መለሰ። ቅድም ፊቴ እንዳደረጉት፣ ጌታዬ።»

ጨርቁ አሁንም እጁ ላይ ነው።

«ለልጄም ያስተማርኩት ይህንኑ ነበር» አለ ወንድምየው። «ሳትጠርግ እንዳትተኛ እለው ነበር። ብስክሌቱን እንደ ዓይኑ ብሌን ነበር የሚጠብቀው። ምን ያደርጋል፣ ሾኩ የአስፋልት ነበር! ለተራራ ይሆናል ብሎ የሸጠልኝ የገዛ ወንድሜ ነው። መካኒኩ አይሆንም ብሎት እንደነበር የሰማሁት ትናንት ነው። ዛሬ ልጄ የወደቀበት ላይ አቁሜ ጠየቅሁት። ‹ርካሽ የፈለግከው አንተ ነህ› አለኝ።»

ባለቤትየዋ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች።

«ጋሼ» አለ መካኒኩ። «አዝኜልዎት ነው እውነቱን የነገርኩዎት። እርስዎ ግን ለካቴና ሰጡኝ። የእርስዎ ልጅ ስለሞተ የእኔዎቹ አባት ይጡ?»

መርማሪዋ ካቴናውን ከመካኒኩ ፈትታ ለወንድምየው አሰረችለት። ደስ አላላትም። ያንን ሾክ የሸጠውን ሰው ከእንግዲህ የሚጠይቀው ሕግ የለም።

መካኒኩ እያነከሰ ወደ በሩ ሄደ።

«ልጆችህን ሳምልኝ» አለው ወንድምየው ከኋላው።

«አልስምልዎትም» አለና ወጣ።